የወርክሾፕ መስኮት አቀያየር፦ የዛገውን ኤልቲዜድ አውጥቶ የዋንዛ መስኮት መግጠም

ባሕር ዳር ውስጥ በግቢ ጥግ ላይ በብሎኬት የሚሠሩ ሰርቪስ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚገጠምላቸው ትንሽ የኤልቲዜድ (በኤል፣ በቲና በዜድ ቅርጽ ከወጣ ብረት የሚበየድ) መስኮት ነው። ክፍሉ ዕቃ ቤት ሆኖ ሲያገለግል አይከፋም። የእንጨት ሥራ ቤት ሲሆን ግን አይበቃም። ብርሃኑ ያንሳል፣ አቧራው መውጫ ያጣል፣ ረጅም ጣውላ በጠረጴዛ መጋዝ ስትሰነጥቁ ጫፉ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። በዚያ ላይ የታችኛው ብረት ከጥቂት ክረምት በኋላ ዝጎ ያልቃል።

እዚህ የምናሳየው 20 ሳ.ሜ ውፍረት ባለው የብሎኬት ግድግዳ ላይ ያለ፣ ወርዱ 120 ሳ.ሜ ቁመቱ 100 ሳ.ሜ የሆነ፣ ደፉ ከወለሉ 100 ሳ.ሜ ከፍ ያለ መስኮት እንዴት እንደሚቀየር ነው። የእናንተ ልክ ቢለይም የስሌቱ መንገድ ያው ነው። ከሥራው ሁሉ ጊዜና ትዕግሥት የሚፈልገው የታችኛው ደፍ ነው። መስኮት የሚበላሸው ከታች ነውና ሌላው ላይ ብትቸኩሉ እንኳ እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

መቼና የት

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ሥሩ። ሰኔ ሲገባ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ከተገኘ ማሽኑም የተደረደረው ጣውላም ይበሰብሳል። ሲሚንቶው መጠጠር፣ ቫርኒሹም መድረቅ ስላለበት ሥራው በድምሩ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ይህን አስልታችሁ ጀምሩ።

የሥራ ጠረጴዛችሁ የሚያገኘው ብርሃን ከሰሜን ግድግዳ ቢመጣ ይመረጣል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ 12 አካባቢ እስከ ነሐሴ 17 አካባቢ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ የሰሜን መስኮት አብዛኛውን ዓመት የማያንጸባርቅ፣ የእርሳስ መስመር በደንብ የሚያሳይ ብርሃን ይሰጣል። የሚያስቸግረው የሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ነው፤ ከዚያ በኋላ የክረምቱ ደመና ይሸፍነዋል። ለዚያ አንድ ወር ተኩል ነጭ አቡጀዲ መጋረጃ ይበቃል።

የሰሜን መስኮት በሽምብጥ በኩልም ሆነ በሌላው የሐይቁ ዳር ሰፈር አንድ ጠባይ አለው፦ ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። አቧራው በዚያ መስኮት ይወጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ነፋሱ በእሱ ይገባል እንጂ። አቧራው እንዲወጣ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ሌላ መክፈቻ ሊኖር ይገባል፤ መላጊያ ማሽኑም ወደዚያ ይጠጋ።

ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አታስፉ

ቀዳዳውን ማሳደግ ከፈለጋችሁ አንድ መደዳ ብሎኬት ከታች ማንሳት አይከብድም፤ ከመስኮቱ ደፍ በታች ያለው ግድግዳ ከላይ የሚመጣ ጭነት የለበትምና። ወደ ጎን ማስፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ከላይ ያለው አርኪትራቭ (ከቀዳዳው በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከመው አግዳሚ) በግራና በቀኝ የተቀመጠበትን ብሎኬት ስታነሱ መቀመጫ ያጣል፤ ግድግዳው ወዲያው ባይወርድ እንኳ ከማዕዘኑ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ያ ሥራ አዲስ አርኪትራቭ ይፈልጋል፣ ለግንበኛ ተዉት።

አንድ መደዳ ዝቅ ማድረግ ለእንጨት ሠሪ ትልቅ ጥቅም አለው። የቀድሞው ደፍ 5 ሳ.ሜ እና ብሎኬቱ ከነሞርታሩ 21 ሳ.ሜ ሲነሳ ቁመቱ ወደ 74 ሳ.ሜ ይወርዳል። 7 ሳ.ሜ አዲስ ደፍ ስትሞሉበት 81፣ የክፈፉ የታች እንጨት ሲቀመጥበት 86.5 ሳ.ሜ ይሆናል። የመጋዙ ጠረጴዛ 88 ሳ.ሜ ከሆነ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ 4 ሜትር ጣውላ በጠባብ ክፍል ውስጥ መሰንጠቅ ትችላላችሁ፤ ጫፉ በመስኮቱ ወጥቶ ይሄዳል። መጋዛችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ የደፉን ውፍረት አስተካክሉ። የታች እንጨቱ ከጠረጴዛው ቢያንስ 1 ሳ.ሜ ዝቅ ማለት አለበት፣ አለዚያ ጣውላው ይነካና መጋዙ ላይ ይነክሳል። ለዚሁ ሲባል ሁለቱ ተከፋቾች (የሚከፈቱት የመስኮቱ ክንፎች) መሐል ላይ ቋሚ እንጨት ሳይኖር እርስ በርስ ተደራርበው ይዘጋሉ።

ዕቃው

ለክፈፉ፦ ተልጎ 5 በ10 ሳ.ሜ የሚሆን ደረቅ ዋንዛ፣ 5 ሜትር።
ለተከፋቾቹ፦ 4 በ7 ሳ.ሜ 6 ሜትር፤ ለታችኛው አግዳሚ 4 በ9 ሳ.ሜ 1.2 ሜትር፤ ለመሐል አግዳሚው 4 በ4 ሳ.ሜ 1.2 ሜትር።
ለመስታወት ማቀፊያ፦ 1.5 በ1.2 ሳ.ሜ ሊስቴሎ (ቀጭን የእንጨት ዘንግ)፣ 8 ሜትር።
4 ሚ.ሜ መስታወት 2 እና 4 ሚ.ሜ ድፍን ፖሊካርቦኔት 2 (ልካቸው ወደ ታች ተጽፏል)።
10 ሳ.ሜ ማጠፊያ 6፣ መቀርቀሪያ 3፣ የመስኮት ማቆሚያ መንጠቆ 2።
10 ሚ.ሜ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቪሱን የሚይዝ ፕላስቲክ) ከ12 ሳ.ሜ ቪስ ጋር፣ 6።
አንድ ከረጢት ሲሚንቶ (50 ኪሎ)፣ አሸዋ፣ ጥቂት ጠጠር፣ 8 ሚ.ሜ ፌሮ 2.5 ሜትር፣ ወፍራም ላስቲክ 130 በ25 ሳ.ሜ።
አንድ ፎም፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የማይሸት ሲሊኮን 2፣ ውኃ የሚቋቋም ኮላ፣ የውጭ ቫርኒሽ 1 ሊትር።

ዋንዛ የተመረጠው ለመላግ ስለሚመች፣ ከደረቀም በኋላ ብዙ ስለማይጣመም ነው። ነገር ግን ልቡን ብቻ ውሰዱ። ከቅርፊቱ ቀጥሎ ያለው ነጣ ያለ ክፍል ለነቀዝና ለምስጥ ምቹ ነው፤ ሻጩ አንድ ዓይነት እንጨት ነው ቢላችሁም አትቀበሉ። ባህር ዛፍ ለተከፋች አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ የዋንዛ በር ካገኛችሁ ከማንኛውም አዲስ ጣውላ ይበልጣል፤ ሚስማሩን ሙሉ በሙሉ ሳታወጡ ግን ማሽን ላይ አታስገቡት።

ጣውላው መድረቁን ለማወቅ ከመሐሉ አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ ከጣውላው ቀድሞ እንዳይደርቅ ሁለቱን ጫፎቹን ቫርኒሽ ቀብታችሁ፣ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። ሁለት ተከታታይ ሳምንት ክብደቱ ካልቀነሰ ለሥራ ደርሷል።

ልክ አወሳሰድ

ወርዱን ላይ፣ መሐል፣ ታች፤ ቁመቱን ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ ለኩ። የምትይዙት ትንሹን ነው። ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሳ.ሜ ከበለጠ ግድግዳው ተንጋዷል ማለት ስለሆነ ክፈፉን ይበልጥ አሳንሱት።

በእኛ ምሳሌ አዲሱ ቀዳዳ 120 በ119 ሳ.ሜ ነው። በግራ፣ በቀኝና በላይ 1 ሳ.ሜ፣ ከታች ግማሽ ሳ.ሜ ክፍተት ስንተው የክፈፉ የውጭ ልክ 118 በ117.5 ሳ.ሜ ይሆናል። ክፍተቱን ለመቀነስ አትሞክሩ። ልክክ ብሎ የገባ ክፈፍ በክረምት ሲወፍር የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ይጎብጣል፣ ተከፋቹም አልዘጋ ይላል።

እንጨቱን መሥራት

ክፈፉን በምላስና በቀዳዳ አጋጥሙ፤ ምላሱ የእንጨቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን። በሚስማር ብቻ የተያያዘ ማዕዘን ቪሱ ሲጠብቅ ይከፈታል። ተከፋቾቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ስለሆኑ በክፈፉ የውጭ በኩል ዙሪያውን 4 ሳ.ሜ ወርድ 1.2 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው መቀመጫ አውጡ። ወደ ውጭ መከፈቱ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ዝናቡ ተከፋቹን ወደ መቀመጫው ይገፋዋል፣ ውስጥም ከሥራ ጠረጴዛው ጋር አይጋጭም።

የታች እንጨቱን ለብቻው አስቡበት። ከመቀመጫው ወደ ውጭ ያለውን ፊቱን አዘንብሉት፤ በ4 ሳ.ሜ ውስጥ 6 ሚ.ሜ ያህል ዝቅ ይበል። ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ውኃው ተከፋቹ ስር ተኝቶ ያድራል፤ መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አንዱ ተከፋች 55.3 በ109 ሳ.ሜ ነው። ይህ ልክ በማጠፊያው በኩልና በመሐል 3 ሚ.ሜ፣ ከላይ 3 ሚ.ሜ፣ ከታች 5 ሚ.ሜ እየተረፈ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁለቱ በ1.2 ሳ.ሜ ከንፈር እንዲደራረቡ ተደርጎ የወጣ ነው። በበጋ ከሠራችሁ 3 ሚሊ ሜትሩን አትንኩት። ዓይን ላይ ሰፊ ይመስላል፤ ነሐሴ ላይ ግን ይሞላል። በታችኛው አግዳሚ ሆድ፣ ከውጭው ጠርዝ 1 ሳ.ሜ ገባ ብሎ፣ 6 ሚ.ሜ ወርድና ጥልቀት ያለው ቦይ በመጋዝ አውጡ፤ ውኃው እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ እንዳይገባ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል።

ከማጣበቃችሁ በፊት የምላሶቹንና የእንጨቶቹን የተቆረጡ ጫፎች ተመልከቱ። እንጨት ውኃ በብዛት የሚጠጣው በጎኑ ሳይሆን በጫፉ ነው። ስለዚህ ከታች የሚቀረውን እያንዳንዱን ጫፍ ቫርኒሽ ሁለትና ሦስት ጊዜ እስኪጠግብ አጠጡት፤ ኮላ የሚነካውን ፊት ግን አትቀቡ።

አሮጌውን ማውጣት

መጀመሪያ መስታወቱን አውጡ። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ መስታወቱን የያዘውን የደረቀ ስቱኮ በአሮጌ መሮ ፈቅፍቁ፤ ካልወጣ መስታወቱ ላይ በሁለት በኩል ፕላስተር ለጥፋችሁ ስበሩት፣ ቁርጥራጩ አይበተንም።

ቀጥሎ ግራይንደር ይመጣል፣ የእንጨት ሥራ ቤት ደግሞ ለግራይንደር ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው። ፍንጣሪው ሜትሮች ርቆ ሄዶ ፍቅፋቂ ውስጥ ይገባና ነበልባል ሳያሳይ ለሰዓታት ይጤሳል። ስለዚህ ፍቅፋቂውንና አቧራውን ጠርጋችሁ ከክፍሉ አውጡ፣ ከጣውላው መደርደሪያ ላይ የተኛውንም ጭምር። ቫርኒሽና ቲነር ከክፍሉ ይውጣ። ወለሉን ውኃ እርጩት፤ ሁለት ባልዲ ውኃ አጠገባችሁ ይቀመጥ። የሚቻለውን ሁሉ ከውጭ በኩል ቁረጡ። ሥራውን በጠዋት ጨርሱ እንጂ ማታ ቆርጣችሁ ቆልፋችሁ አትሂዱ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት እዚያው ሁኑ።

የኤልቲዜዱን ክፈፍ ሁለቱን ቋሚዎች መሐል ላይ ቁረጡና ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ሳቡ። በግድግዳው የተቀበሩትን የብረት ጆሮዎች ከልስኑ ጋር እኩል ቁረጧቸው፤ በመዶሻ መትቶ መንቀል ብሎኬቱን ይሰብረዋል። የሚተርፈውን የብረት ጫፍ አንቲረስት ቀቡት፣ አለዚያ ዝገቱ በልስኑ ውስጥ ቡናማ እድፍ ሆኖ ይወጣል።

ብሎኬቱን ለማንሳት በመጀመሪያ ቋሚ መስመሩን በግራና በቀኝ፣ በውስጥና በውጭ፣ በግራይንደር ሰንጥቁ። ከዚያ ከመሐል ጀምራችሁ በመሮ አንድ አንድ አንሱ።

ደፉን መሙላት

ከታች የቀረው መደዳ ብሎኬት ቀዳዳዎቹን በወረቀትና በሞርታር ድፈኑ። ከውጭ ግድግዳው 4 ሳ.ሜ ወጣ የሚል የጣውላ ቅርጽ ሥሩ፤ በቅርጹ ወለል ላይ፣ ከጠርዙ 1.5 ሳ.ሜ ገባ ብሎ፣ ቀጭን ሊስቴሎ ምቱበት። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ያ ሊስቴሎ ወጥቶ የውኃ መንጠባጠቢያ ቦይ ይተዋል። ይህች ቦይ ስትቀር ውኃው በደፉ ሆድ ተመልሶ ግድግዳውን ያርሰዋል፤ ከመስኮት በታች ልስኑ ተልጦ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ውሕዱ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ደቃቅ ጠጠር ነው። ሁለት ፌሮ በርዝመቱ ግቡ። ለዚህ ደፍ 8 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይበቃል፤ የቀረው ለልስን ነው። ከክፈፉ ስርና ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ከውጭው 1.5 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ ደረጃ ይሥራ፤ የውጭው ደግሞ በ10 ሳ.ሜ 1 ሳ.ሜ ወደ ውጭ ይዘንብል። በዚያው ጊዜ፣ ቪስ በሚገባባቸው 6 ቦታዎች የጎን ብሎኬቶቹን ባዶ ሆድ በሞርታር ሙሉ። ባዶ ብሎኬት ላይ ፊሸር ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ አይነክስም።

ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጡ፣ እርጥብ ጆንያም አልብሱት። በበጋው ፀሐይና ነፋስ ሳይጠጣ የደረቀ ደፍ ሳምንት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ክፈፉን ከ3ኛው ቀን በኋላ ማቆም ትችላላችሁ።

ክፈፉን ማቆም

ላስቲኩን ደፉ ላይ አንጥፉ፤ በውስጥ በኩል 2 ሳ.ሜ፣ በሁለቱ ጫፍ 3 ሳ.ሜ ወደ ላይ ይታጠፍ። ክፈፉን በላዩ አቁሙና ከውጭው ግድግዳ 3 ሳ.ሜ ብቻ ገባ አድርጉት፤ ብዙ ከገባ ተከፋቹ በደንብ አይከፈትም። በማዕዘኖቹ አጠገብ በሽብልቅ ያዙት። ውኃ ልክ በታች እንጨቱ ላይ፣ ቱንቢ በሁለቱም ቋሚዎች ላይ፣ በፊትም በጎንም። ከዚያ ሰያፉን ለኩ፤ በሁለቱ መካከል ከ2 ሚ.ሜ የበለጠ ልዩነት ካለ ሽብልቁን አስተካክሉ። ተከፋቹን ለጊዜው አስገብታችሁ ክፍተቱን እዩ፤ ክፈፉ ከተጣመመ የሚያጋልጠው ይህ ነው።

በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ ሦስት ቪስ፦ ከላይና ከታች ማዕዘን 20 ሳ.ሜ ገባ ብሎ፣ አንዱ መሐል። ከእያንዳንዱ ቪስ ጀርባ ሽብልቅ መኖሩን አረጋግጡ፤ አለዚያ ቪሱ ሲጠብቅ እንጨቱን ወደ ግድግዳው ይጎትተዋል። በታች እንጨቱ ግን አንድም ቪስ አይግባ። ያ ቀዳዳ ውኃውን ቀጥታ ወደ እንጨቱ ልብ ይወስደዋል።

ፎሙን ከመርጨታችሁ በፊት ግድግዳውን አርጥቡ፣ በክፈፉ ውስጥ መሐል ላይ ጣውላ ወጥሩ፤ ፎም ሲያብጥ ቋሚውን ወደ ውስጥ ይገፋል። ሲጠጥር ቁረጡትና ከውጭ በሞርታር ሸፍኑት፤ ፀሐይ የሚያየው ፎም ይፈረፈራል። ልስኑና እንጨቱ የሚገናኙበትን መስመር ሲሊኮን ዝጉት፣ ከታች በውጭ በኩል ግን ሁለት ጣት የሚያህል ሁለት ቦታ ክፍት ተዉ። የገባ ውኃ መውጫ ይፈልጋል።

መስታወትና ብረት

የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች መስታወት፣ ልካቸው 43.3 በ46.5 ሳ.ሜ፤ የታችኞቹ ፖሊካርቦኔት፣ ለሙቀት መለጠጫ ትንሽ ቀንሶ 43 በ46.2 ሳ.ሜ። ጣውላ የሚነካው የታችኛውን ስለሆነ ዋጋው ቢወደድም ተገቢ ነው። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ፖሊካርቦኔትን ሊሰነጣጥቀው ስለሚችል ሌላውን ዓይነት ግዙ። ሊስቴሎው በውስጥ በኩል ይመታ፤ በውጭ ከሆነ ሌባ በካቻቪቴ ነቅሎ መስታወቱን ያነሳዋል። ይህን ሥራ ነፋሱ ሳይነሳ ጠዋት ጨርሱት።

የብረት ፍርግርጉ በውስጥ በኩል፣ በማጠፊያ የሚከፈት ሆኖ፣ በ12 ሳ.ሜ ርቀት በተደረደረ 12 ሚ.ሜ ዘንግ ይሠራ። መክፈቻ ቁልፉ ከፍርግርጉ ክንድ በማይርቅ፣ ከውጭ ግን በማይደረስበት ቦታ ይንጠልጠል። እሳት ቢነሳ ሁለተኛው መውጫችሁ ይህ መስኮት ነው። ለወባ ትንኝ የሚሆነው ወንፊት በቀላል ክፈፍ ተሠርቶ ፍርግርጉ ላይ ይታሰር፤ አቧራ ቶሎ ስለሚደፍነው ለማራገፍ የሚወርድ ይሁን።

ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ቀቡ፤ የመጀመሪያውን አንድ አሥረኛ ቲነር ጨምራችሁ አቅጥኑት። ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ። ሲመሽ መብራት ላይ አይታችሁ የምታውቁት ያ ከሐይቁ የሚነሳ ትንንሽ ነፍሳት መንጋ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ይለጠፋል፣ በማግስቱ የሚጠብቃችሁ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

የጭቃ ቤት ከሆነ

ክፈፉ ከጭቃው ጋር ሳይሆን ከቋሚው እንጨት ጋር መታሰር አለበት። በግራና በቀኝ ያለውን ቋሚ እስክታገኙ ጭቃውን አንሱ፤ ከራቀ በመካከል አዲስ ቋሚ ጨምራችሁ ከማገሩ ጋር እሰሩት። ምስጥ የሚወጣው በጭቃው ውስጥ ስለሆነ የክፈፉ ጀርባ ከመግባቱ በፊት የምስጥ መድኃኒት ይቀባ፣ የታች እንጨቱም በጭቃ ላይ ሳይሆን በድንጋይና ሲሚንቶ ደፍ ላይ ይረፍ።

ፍተሻና የመጀመሪያው ክረምት

ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ተከፋቾቹን ዘግታችሁ በጎማ ከላይ ወደ ታች 10 ደቂቃ ውኃ አፍስሱበት፤ አንድ ሰው በውስጥ በኩል ደረቅ ጋዜጣ ደፉ ላይ አንጥፎ ይከታተል። ማዕዘን ላይ ከረጠበ ችግሩ የላስቲኩ እጥፋት ነው፤ መሐል ላይ ከረጠበ የተከፋቹ መደራረቢያ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተከፋቹ መጥበቁ አይቀርም። ያን ጊዜ መላጊያ አታንሱ። የሚነካውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ፣ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ ብቻ ቪሱን አጥብቁ። ምልክቱን ኅዳር ላይ ተመልሳችሁ እዩት፤ እንጨቱ ደርቆም የሚነካ ከሆነ ያኔ ላጉ። ነሐሴ ላይ የተላገ ተከፋች በጥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል፣ አቧራና ትንኝም በዚያው ይገባል።